የአደራ ድመትን ከድሬ ሙቀት መጠበቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የሰው ድመት በአደራ ተቀብለው ለሚያሳድሩ፣ እንዲሁም ለጉዞ ሲወጡ ድመታቸውን ለሚያስረክቡ የድሬዳዋና የሐረር ነዋሪዎች የተዘጋጀ ነው። ሰዓቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ዲግሪው በሴንቲግሬድ ነው።

ድመት የሞቃት አገር እንስሳ አይደለችም እንዴ? ይህን ያህል መጨነቅ ለምን ያስፈልጋል?

ልክ ነው፣ የቤት ድመት የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው። ጤነኛ ድመት 30 ዲግሪን ምንም ሳይመስላት ትውላለች፤ ፀሐይ ፈልጋ የምትተኛበት ጊዜም ብዙ ነው። ነገር ግን ሙቀቱን የምትችለው እንደ ልቧ ስለምትንቀሳቀስ ነው። ጠዋት ግንብ ላይ ትወጣለች፣ ረፋድ ላይ ኒም ዛፍ ሥር ትገባለች፣ እኩለ ቀን ላይ አልጋ ሥር ሊሾው ላይ ትዘረጋለች፣ ማታ ጣሪያ ላይ ትወጣለች። ድመት የምታልበው በመዳፏ ብቻ ስለሆነ ላቧ ብዙም አይጠቅማትም፤ ሰውነቷን የምታበርደው ጸጉሯን እየላሰች ምራቁ ሲተን፣ ከዚያም በላይ ቦታ በመለወጥ ነው።

የአደራ ድመት ግን በር ተዘግቶባታል። የሚቀዘቅዝ ቦታ ፍለጋ መሄድ አትችልም። ስለዚህ ባለችበት ክፍል ወይም ሽቦ ቤት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሙቀታቸው የሚለያይ ማረፊያዎች ሊኖሯት ይገባል፤ አንድ ባዶ ወለል፣ አንድ አየር የሚያልፍበት መደበቂያ፣ አንድ ትንሽ ከፍ ያለ መደርደሪያ። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ይህንኑ ምርጫ ለእሷ መመለስ ነው።

ክፍሉ ስንት ዲግሪ ሲደርስ ነው የሚያሰጋው?

ቴርሞሜትሩን በሰው ቁመት ልክ ሳይሆን ድመቷ በምትተኛበት ከፍታ፣ ከወለሉ 30 ሳንቲሜትር ያህል ላይ ይስቀሉ። እስከ 28 ዲግሪ ድረስ ውሃና ጥላ በቂ ነው። ከ29 እስከ 32 ባለው መካከል በየሁለት ሰዓቱ ይመልከቷት። ከ32 ካለፈ እርጥብ ጆንያ ወይም በረዶ የያዘ ፕላስቲክ ይግባላት። ከ35 በላይ ከሆነ ድመቷን ብቻዋን ዘግቶ መሄድ አይገባም።

ፊታቸው ጠፍጣፋ የሆኑ እንደ ፐርሺያን ያሉ ድመቶች፣ ከ10 ዓመት በላይ የሆኑ፣ በጣም የወፈሩ፣ እርጉዝ የሆኑ፣ ገና ግልገል የሆኑ፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ከሆኑ ግን እያንዳንዱን ቁጥር በሦስት ዲግሪ ይቀንሱት። ቀዝቃዛ ክፍል ከሌለዎት ደግሞ በግንቦትና በሰኔ እንዲህ ያለች ድመት አለመቀበል ይሻላል። ባለቤቱ ቅር ቢሰኝም የድመቷ ሕይወት ይበልጣል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ውጪው ከ9 ሰዓት በኋላ መብረድ ሲጀምር የብሎኬት ቤት ውስጡ ገና ይሞቃል፤ ግድግዳው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት የሚተፋው አመሻሽ ላይ ነው። ስለዚህ 12 ሰዓት ላይ «አሁንማ በርዷል» ብሎ ቴርሞሜትሩን ሳያዩ መተው ስሕተት ነው።

ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ኤሲ የለም። ምን ማድረግ ይቻላል?

ብዙ ማድረግ ይቻላል። በመጀመሪያ የድመቷን ጠባይ ያስተውሉ። አዲስ ቤት የገባች ድመት ስትፈራ ከፍ ያለ ቦታ ትይዛለች፤ ከቆርቆሮ ሥር ደግሞ ትኩሱ አየር የሚከማቸው ላይ ነው። ቁም ሣጥን ላይ ወጥታ ከሰዓት ሙሉ ሳትወርድ የምትውል ድመት በክፍሉ ውስጥ ካለው ቦታ ሁሉ የሚሞቀውን ይዛለች ማለት ነው፤ ብትጋልም ፍርሃቱ አያስወርዳትም። ስለዚህ መደርደሪያው ከ80 ሳንቲሜትር አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ ያለውን መውጫ ይዝጉ። በምትኩ ወለሉ ላይ መደበቂያ ይስጧት። የቲማቲም የእንጨት ሣጥን በጣም ጥሩ ነው፤ በርብራቦቹ መካከል አየር ያልፋል። ገልብጠው አንዱን ጎን ከፍተው በስስ ሽርጥ ወይም በአሮጌ ነጠላ ይሸፍኑት። ካርቶን ብቻ ካለዎት ሁለት ጎኑን ይቅደዱት፤ አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው ካርቶን ሙቀት አፍኖ ይይዛል።

ኮርኒስ ከሌለ ከቆርቆሮው ሥር አንድ ስንዝር ክፍተት ትተው ሰሌን ይዘርጉ። ክፍተቱ ከሌለ ሰሌኑ ራሱ ግሎ ወደ ታች ያሞቃል። ቆርቆሮውን በላዩ በኖራ ወይም በነጭ ቀለም መቀባት ፀሐይን ይመልሳል፤ ኖራው በዝናብ ስለሚታጠብ ከክረምት በኋላ ይደገማል።

ከዚያ የመስኮት ሰዓት አለ። ከማታ 1 ሰዓት እስከ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል በወንፊት ሽቦ የተሸፈኑትን መስኮቶች ሁሉ ይክፈቱ። ከ3 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ የሚመታውን ጎን ይዝጉ። መጋረጃው ከውጭ በኩል ቢሰቀል ይመረጣል፤ ከውስጥ ከሆነ ሙቀቱ መስተዋቱን አልፎ ከገባ በኋላ ነው የሚያገኘው።

ቬንትሌተር ይበቃል?

ብቻውን አይበቃም። ቬንትሌተር ሰውን የሚያበርደው ላቡን ስለሚያተንለት ነው። ጸጉሯ የደረቀ ድመት የሚተን ነገር የላትም፤ 36 ዲግሪ የሆነ አየር ቢነፍስባት ያው ትኩስ አየር ነው። ቬንትሌተር የሚጠቅመው ማታ መስኮት ላይ ተደርጎ የውጪውን ብርድ ወደ ውስጥ ሲያስገባ፣ ቀን ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ወይም በበረዶ ላይ አልፎ ሲመጣ ነው። ከድመቷ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ያርቁት፣ በዝቅተኛው ፍጥነት ያድርጉት፤ ከነፋሱ ወጥታ የምትቀመጥበት ጥግም ይኑራት። ገመዱን እንዳታኝከው ግድግዳ ላይ ይሰሩት።

እርጥብ ጆንያው እንዴት ነው የሚሠራው? እኛ ሞክረን ክፍሉ ይባስ ታፈነ።

የታፈነው መውጫ ስለሌለው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። የቡና ጆንያ ይፈልጉ፤ ከቃጫ የተሠራው ማለት ነው። የፕላስቲክ ማዳበሪያ ውሃ ስለማይጠጣ አይሆንም። አዲስ ጆንያ ከሆነ ሽታውና ብናኙ እስኪለቅ ሁለቴ ይጠቡት። ከዚያ ባልዲ ውስጥ ነክረው ሳያጠብቁ ጨምቀው፣ ነፋስ በሚመጣበትና ጥላ በሆነው መስኮት ላይ ሙሉ ክፍቱን እንዲሸፍን ይስቀሉት። በተቃራኒው ግድግዳ ላይ ሌላ መስኮት ወይም የበር ላይ ቀዳዳ የግድ ክፍት መሆን አለበት። አየሩ በጆንያው ሲያልፍ ውሃውን ያተንና ይበርዳል፤ ከዚያ ወጥቶ ካልሄደ ግን እርጥበቱ እዚያው ይከማችና ክፍሉ እንደ ሻወር ቤት ይሆናል። የደረሰብዎትም ይኸው ነው።

በግንቦት ደረቅ ነፋስ ጆንያው በአንድ ሰዓት ከግማሽ ውስጥ ሊደርቅ ይችላል፤ ጫፉን በእጅዎ እየዳሰሱ ቶሎ ቶሎ ያርሱት። በሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ከጣለ በኋላ አየሩ ራሱ ስለሚረጥብ ይህ ዘዴ ብዙም አይሠራም። ያን ጊዜ በረዶ ይጠቀሙ።

በረዶውስ?

የአንድ ሊትር ተኩል የሃይላንድ ፕላስቲክ ሦስት አራተኛውን ውሃ ሞልተው ያስተኙትና ፍሪዘር ያስገቡ። ጢም ብሎ ከተሞላ ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ይሰነጠቃል። በፎጣ ጠቅልለው ከመደበቂያዋ አጠገብ ያድርጉት፤ ከሆዷ ሥር አያስገቡት፣ ሣጥኑንም አይሙሉት፤ ፈልጋ ተጠግታ፣ ሲበቃት መራቅ መቻል አለባት። ለአንድ ድመት አራት ፕላስቲክ ካለዎት ሁለቱ ሲሠሩ ሁለቱ ይረጋሉ። መብራት በሚጠፋበት ቀን ዋጋው የሚታወቀው የዚህ ነው፤ ፍሪዘሩ ካልተከፈተ በረዶው ረጅም ሰዓት ይቆያል።

ውሃ አቀርባለሁ ግን አትጠጣም። ለምን?

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሦስት ነው፦ ውሃው ሞቋል፣ ዕቃው ይሸታል፣ ወይም ውሃው ያለበት ቦታ ለመድረስ ደፍራ መውጣት አለባት። በድሬ ጣሪያ ላይ ካለ ሮቶ እኩለ ቀን ላይ የሚወርድ ውሃ እጅ ያቃጥላል። ጠዋት በማለዳ ቀድተው ጥላ ውስጥ ያስቀምጡ፣ ከዚያ ይስጧት።

ለዕቃው የሸክላ ጣባን የሚያህል የለም። ሸክላ ውሃውን በቀስታ ወደ ውጭ ያረጥባል፣ ያ እርጥበት ሲተን የቀረው ይበርዳል፤ ገንቦ ውሃ የሚያቀዘቅዝበት መንገድ ማለት ነው። ለዚህ ግን ጣባው ያልተሟሸ መሆን አለበት። በዘይት ወይም በጎመን ዘር የተሟሸ ሸክላ ቀዳዳው ስለሚደፈን ከብርጭቆ አይለይም። በሳሙናም አይታጠብም፤ ሸክላ ሳሙናውን ጠጥቶ ሽታውን ለቀናት ይይዛል፣ ድመቷም አሽትታ ትተወዋለች። በፈላ ውሃና በብሩሽ ፈትገው ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ሁለት ጣባ ይኑርዎት፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይሠራል። አፉ ሰፊ ይሁን፣ ጢሟ ጠርዙን ሳይነካ መጠጣት ትፈልጋለችና። አንዱን ጣባ ከመደበቂያዋ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ሌላውን በክፍሉ ማዶ ያድርጉ። ከምግቡና በተለይም ከአሸዋ ሣጥኗ ያርቁ።

በቂ መጠጣቷን በምን አውቃለሁ?

አንድ ድመት በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ውሃ ያስፈልጋታል፤ ከምግቧ የምታገኘውን ጨምሮ። ለአራት ኪሎ ድመት ከ200 እስከ 240 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ጠዋት 300 ሚሊ ሊትር ለክተው ያቅርቡ፣ በማግስቱ የቀረውን ይለኩ። ድሬ ላይ ግን ይህ ስሌት ብቻውን ይዋሻል፤ ከጣባው የሚተነው ቀላል አይደለም። በዚያው ክፍል ውስጥ ድመቷ የማትደርስበት ቦታ ተመሳሳይ ጣባ በተመሳሳይ መጠን ሞልተው ያስቀምጡ። ከሁለተኛው የጎደለው የተነነው ነው፤ ከመጀመሪያው ጉድለት ላይ ሲቀንሱት የጠጣችው ይቀራል።

ድዷንም ይንኩ። ጤነኛ ድድ እርጥብና የሚያንሸራትት ነው፤ ጣት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ውሃ አንሷታል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መሽናቷን ከአሸዋው ይመልከቱ። ወንድ ድመት አሸዋ ላይ ደጋግሞ እየተቀመጠ ሽንት ካልወጣው ግን የሙቀት ጉዳይ አይደለም፤ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

ምግብና ወተትስ?

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩልና ማታ 1 ሰዓት ላይ ይመግቧት። ሥጋ፣ ጉበት ወይም የቆርቆሮ ቱና ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ፤ በዚህ ሙቀት ቶሎ ይበላሻል፣ ዝንብም ይወረዋል። ምግቡ ላይ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይጨምሩ፤ የማትጠጣ ድመት ውሃዋን ከዚህ ታገኛለች። የሥጋ መረቅ መስጠት ይቻላል፣ ግን ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬና ጨው ያልገባበት። ሽንኩርት የድመትን ደም ያበላሻል።

ወተት ይቅር። የላምም ሆነ የግመል ወተት ብዙ ትልልቅ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል፤ ተቅማጥ ደግሞ ያለችውን ውሃ ያስወጣባታል።

በሙቀት ቀን ምግብ መቀነሷ የተለመደ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ግን ለሐኪም ይደውሉ፤ በተለይ ወፍራም ድመት ለቀናት ሳትበላ ስትቀር ጉበቷ በስብ ይጠቃል።

ጸጉሯን ልላጫት?

አይላጯት። ጸጉሩ ከፀሐይ ይከላከልላታል። በየቀኑ አምስት ደቂቃ በማበጠሪያ የረገፈውን ያውጡላት፤ አየር ቆዳዋ ይደርሳል። ነጭ ድመት ከሆነች ጆሮዋና አፍንጫዋ በፀሐይ ስለሚቃጠል ከ4 እስከ 10 ሰዓት ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ያርቋት።

የአሸዋ ሣጥኑ በሙቀት በጣም ይሸታል።

በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ ይጽዳ። ሽንት በሙቀት ቶሎ አሞኒያ ይሆናል፤ ሽታው ዓይንና ሳንባ ከማቃጠሉም ሌላ ድመቷ ሣጥኑን ጠልታ ሽንቷን እንድትይዝ ያደርጋታል። ፀሐይ የዋለበትን አሸዋ ሳያበርዱ አያስገቡ፤ ከደቻቱ ወንዝ የመጣ ከሆነ ነፍተው፣ አጥበው፣ አድርቀው ይጠቀሙ።

የወባ ትንኝ መድኃኒት ክፍሏ ውስጥ ብረጭ ይጎዳታል?

አዎ፣ ሊጎዳት ይችላል። በብዙዎቹ የትንኝ መርጫዎች ውስጥ ያለውን የፓይረትሮይድ መርዝ የድመት ጉበት እንደ ሰው ወይም እንደ ውሻ ማስወገድ አይችልም። ለውሻ ቁንጫ የሚሸጥ ፐርሜትሪን ያለበት ጠብታማ ድመትን ይገድላል። ሽቦ ወንፊት ይጠቀሙ፤ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ካለም እንዳታኝከው ይጠንቀቁ። መስኮት በተዘጋበት ሰዓት ዕጣንና ኡንሲም (የሚጤሰው የሽቶ ዕጣን) ከእሷ ክፍል ይራቁ።

ማቀዝቀዣ ብለው ያስቀመጡት ባልዲ ግን ክዳን ይኑረው፣ ጣባውም በየቀኑ ይደፋ። በ2011 ዓ.ም. ድሬን ያጥለቀለቀውን ቺኩንጉንያ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በየቤቱ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው።

በባጃጅ ስናመጣት ምን እንጠንቀቅ?

ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ12 ሰዓት በኋላ ይሁን። ሣጥኑ ቢያንስ በሦስት ጎን አየር ያስገባ፤ ፀሐይ ባለበት በኩል ብቻ እርጥብ ሽርጥ ይጣልበት። ዙሪያውን ከተሸፈነ ትታፈናለች። ቆሞ የተዘጋ መኪና ውስጥ አንድ ደቂቃም አትቆይ፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከውጪው በ10 ዲግሪ ያህል ሊበልጥ ይችላል።

ከሐረር የምትመጣ ድመት ሌላ ነገር አለባት። የደንገጎን ቁልቁለት ወርዳ ድሬ ስትደርስ ከፍታው ከሐረር በስድስት መቶ ሜትር ገደማ ያንሳል፤ ሙቀቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። ሰውነቷ እስኪለምደው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት በጣም ቀዝቃዛው ክፍል የእሷ ይሁን።

አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ምን ላድርግ?

ውሻ ማለክለኩ የወትሮው ነው፤ ድመት ካለከለከች ግን አንድ ነገር ሆናለች። አሁን ተጉዛ የደረሰች ከሆነ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ቦታ ውስጥ አሥር ደቂቃ ስጧትና ይዩ። ካላቆመች፣ ምራቅ ከተዝረበረበች፣ ድዷ ደም ከመሰለ፣ ከተንገዳገደች ወይም ካስመለሳት የሙቀት ምት ነው፤ ከማለክለኩ ሌላ እነዚህ ምልክቶች ከታዩ አሥሩን ደቂቃም አይጠብቁ። የድመት ጤነኛ ሙቀት ከ38.1 እስከ 39.2 ነው፤ 41 ከገባች የውስጥ አካሏ መጎዳት ይጀምራል።

ወዲያውኑ ወደ ቀዝቃዛ ወለል ያውርዷት። በጥላ ያስቀመጡትን ውሃ (ከሮቶ የሚወርደውን ትኩስ አይደለም) ሆዷ፣ ብብቷ፣ በእግሮቿ መካከልና መዳፏ ላይ ያፍስሱ። የድመት ጸጉር ውሃ ያንሸራትታል፤ በጣትዎ ጸጉሩን ወደ ኋላ እየቀለበሱ ቆዳዋ እስኪርስ ያሹ። ከዚያ ያራግቡላት፤ አሁን ቬንትሌተር በትክክል ይሠራል። እርጥብ ፎጣ ጭነውባት አይተዉ፤ ፎጣው በደቂቃዎች ውስጥ ይሞቅና ሙቀቷን ያፍናል። በረዶ ውሃ ውስጥ አይክተቷት፤ የቆዳዋ ደም ሥሮች ይኮማተሩና ሙቀቱ ውስጥ ይቀራል። አልኮልና አረቄ መዳፏ ላይ አይቀቡ፤ ትልሰዋለች። ውሃ አጠገቧ ያድርጉላት እንጂ በአፏ አያንቆርቁሩ፤ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል።

ዲጂታል ቴርሞሜትር ካለዎት ቫዝሊን ቀብተው ሁለት ሳንቲሜትር ያህል በፊንጢጣዋ አስገብተው በየአምስት ደቂቃው ይለኩ። 39.5 ሲደርስ ውሃውን ያቁሙና ያድርቋት፤ ካለፉበት ከልክ በላይ ትቀዘቅዛለች። ከዚያ ቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም። ተነሥታ ብትሄድም ይውሰዷት፤ የኩላሊትና የደም መርጋት ጉዳት ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። የሐኪሙ ስልክ ድመቷን በተቀበሉበት ቀን ግድግዳው ላይ ተጽፎ ይጠብቅ።

ትኩሳት ስለሆነ ፓራሲታሞል ሰባብሬ ብሰጣትስ?

በፍጹም። ግማሽ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመት ሊገድል ይችላል። ደግሞም ይህ የበሽታ ትኩሳት ስላልሆነ መድኃኒቱ አያወርደውም።

እኛ ሐረር ነን፤ ይህ ሁሉ ያስፈልገናል?

ጀጎል ውስጥ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ባለው ቤት የሚያሳድሩ ከሆነ ውሃ፣ ጥላና የማታ አየር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከጀጎል ውጭ ቆርቆሮ ለበስ ቤት ከሆነ ግን ለድሬ የተባለው ሁሉ ይሠራል።

ከባለቤቱ ምን ልጠይቅ፣ ስመልስስ ምን ልንገረው?

ስትረከቡ ክብደቷን በሚዛን ይመዝግቡ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን ማስረጃ ይዩ፤ የምትወስደውን መድኃኒት፣ የለመደችውን ምግብና ባለቤቱ ካልተገኘ ወደ ሐኪም የመውሰድ ፈቃድ በጽሑፍ ይቀበሉ። ባለቤቱ የለበሰው ያልታጠበ ነጠላ ወይም ፎጣ አብሮ ይምጣ፤ ሽታው ስለሚያረጋጋት ቶሎ ከተደበቀችበት ወጥታ ትጠጣለች። ለቁልቢ የሚሄዱ ሰዎች በሐምሌ 19 ዋዜማ በጥድፊያ አድርሰው ስለሚሮጡ ይህን ከሁለት ቀን በፊት መጨረስ ይሻላል።

ስትመልሱ እንደገና ይመዝኗት። አራት ኪሎ ሆና የገባች ድመት 3.6 ሆና ከወጣች ከክብደቷ አንድ አሥረኛውን አጥታለች፤ ለባለቤቱ ሳይደብቁ ይንገሩት፣ ሐኪም እንዲያያትም ይምከሩት። በየቀኑ የጠጣችውን የለኩበትን ወረቀትም ይስጡት፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።